የእድሜ ምርመራ ሲመጣ፦ ወረቀት ይቅደም፣ ቃል ይቅደም ወይስ ራጅ?

የእህቴ ልጅ ጣልያን ሲገባ 16 ዓመቱ ነበር። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን 24 ነው። "መቼ ተወለድክ?" ሲሉት "2001" አለ። እውነቱን ነው፤ የተወለደው ጥር 12 ቀን 2001 ዓ.ም፣ በጥምቀት ማግስት ነው። የጻፈው ሰው 2001ን የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ወሰደው። በአንድ መስመር ስምንት ዓመት ተጨመረበት። ልጁ ጀርመን ሲደርስ አሻራው ቀድሞት ደርሶ ነበር፤ "16 ዓመቴ ነው" ቢል ማን ይስማው። አንድ ማታ በቴሌግራም ደወለና "ጋሼ፣ ራጅ ተነሳ እያሉኝ ነው፣ እሺ ልበል ወይስ እምቢ?" አለኝ።

የጠየቀኝ አጎቱ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ ብዙ ዓመት ራጅ ክፍል ሠርቻለሁ። ከእሱ በኋላ ደግሞ ከሞላሌም፣ ከደብረ ሲናም፣ ከሸዋ ሮቢትም ልጅ የሄደባቸው እናቶችና አባቶች ይደውሉልኛል፤ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ የትኛው ማስረጃ ይሻላል፣ የትኛውን ምርመራ ልጁ ይቀበል፣ የትኛውን እምቢ ይበል? ለሁሉም በየተራ ከምናገር እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

እድሜው ለምን ይህን ያህል እንደሚያከራክር ባጭሩ። አውሮፓ ብቻውን የገባ ከ18 በታች የሆነ ልጅ ሞግዚት ይመደብለታል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ከአዋቂ ጋር አንድ ካምፕ አይታጎርም፣ አሻራ ወደሰጠበት የመጀመሪያ አገር እንደ አዋቂው በቀላሉ አይመለስም። 18 ሞላህ ከተባለ ይሄ ሁሉ ይቀራል። ልጅ ሆኖ አዋቂ የተባለ ከማያውቃቸው ትልልቅ ወንዶች ጋር ያድራል፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው።

ከምርጫው በፊት አንድ ነገር ልበል። ልጃችሁ በእርግጥ 18 ካለፈው "17 ነኝ በል" አትበሉት። የጥገኝነት ጥያቄው የሚቆመው በታሪኩ ነው፣ በእድሜው አይደለም። አንድ ጊዜ ዋሸ ከተባለ እውነተኛውም ታሪኩ አብሮ ይወድቃል። ይህ ጽሑፍ ልጅ ሆነው ልጅ አይደላችሁም ለተባሉ ነው።

ራጅ ላይ እድሜ አይታይም

ይህን በሥራ ዘመኔ ሁሉ አይቼዋለሁ። ፊልሙ ላይ የሚታየው አጥንቱ ምን ያህል እንደበሰለ ነው። ልጅ እያደገ ሳለ የእጁ አጥንቶች ጫፍና ግንድ በልም አጥንት ተለያይተው ይቆያሉ፤ ፊልሙ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይመስላል። ሲጎረምስ መስመሩ እየጠበበ ሄዶ ይዘጋል። መቼ? እንደ ልጁ ነው። እንደ በላው ምግብ፣ እንደ ታመመው ሕመም፣ እንደ ዘሩ ይለያያል፤ ሴት ደግሞ ከወንድ ትቀድማለች። እጃቸው ተሰብሮ የመጡ የአንድ ክፍል ተማሪዎች፣ በወራት ብቻ የሚበላለጡ፣ የአንዱ አጥንት ተዘግቶ የሌላው ገና ክፍት ሆኖ አይቻለሁ። ፊልሙን ብቻ ሰጥታችሁ "የቱ ይበልጣል?" ብትሉኝ እሳሳታለሁ።

ሐኪሙ የእጅ ራጁን የሚያስተያየው በብዛት ግሩሊችና ፓይል የሚባሉ አሜሪካውያን ካዘጋጁት የሥዕል መጽሐፍ ጋር ነው። በብዛት የሚሠራበት ሁለተኛው እትም የወጣው በ1959 በፈረንጆች ነው። በውስጡ ያሉት እጆች ከ1930ዎቹ ጀምሮ ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ውስጥ ደህና ኑሮ ያላቸው ነጭ ቤተሰቦች ልጆች እጆች ናቸው። የተዘጋጀውም ዕድገቱ የዘገየ ወይም የፈጠነ ልጅ ለማከም ነው፣ የታወቀውን እድሜ ከአጥንቱ ጋር ለማስተያየት። እድሜው ያልታወቀ ሰው እድሜ ለማውጣት አልተሠራም። የመንዝ ልጅ፣ በክረምት ገብስ ቆሎ ይዞ ከብት ሲጠብቅ ያደገ፣ በዚያ መጽሐፍ ሲለካ ልኩ ወደ ታችም ወደ ላይም ሊስት ይችላል።

ስለዚህ የእኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ቃል፣ ራጁ መጨረሻ። የአውሮፓ አገሮች ሕግም ቢሆን በአብዛኛው ይህንኑ ይላል፤ ችግሩ ልጁ ይህን ሳያውቅ ራጅ ክፍል መገኘቱ ነው።

ቤት ካለው ወረቀት የትኛው ይሻላል?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቀበሌ ነው፣ የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት። አውጡ፣ ይጠቅማል። ግን ብቻውን አትላኩት። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ነው። ዛሬ 16 ወይም 17 የሆነው ልጅ ያኔ ትምህርት ቤት ገብቷል። ወረቀቱ ላይ የተወለደበትም የተመዘገበበትም ቀን ስለሚጻፍ፣ ያ ማዶ ያለው ሰው "ይሄ የወጣው ባለፈው ወር ነው" ብሎ ገፋ ሊያደርገው ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው በዚያው ዘመን የተጻፈ ወረቀት ነው፣ ማንም ስለ ጥገኝነት ሳያስብ የተጻፈ። በእኔ ሚዛን ቀዳሚው የክርስትና ካርድ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ ካርዱ ላይ የልደት ቀን ባይጻፍ እንኳ ከጥምቀቱ ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይገኛል። የእህቴ ልጅ ካርድ ላይ ያለው የካቲት 21 ነው፣ የማርያም ዕለት። የጥምቀቱን ቀን ራሱን ጨምራችሁ 40 ቀን ወደ ኋላ ብትቆጥሩ ጥር 12 ላይ፣ ሚካኤል ላይ ያርፋል። እናቱ ደግሞ ከመጀመሪያውም "በሚካኤል ዕለት ነው የወለድኩት" ስትል ነበር። ሁለቱ ሲገጥሙ የሚያህል ማስረጃ የለም። ግን የ40 ቀኑን ነገር ጀርመኑ አያውቀውም፤ በደብዳቤ ማብራራት አለባችሁ። ካርዱ ከጠፋ ቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ካለው ከመዝገቡ ማጻፍ ይቻላል፣ መዝገቡን ራሱን ፎቶ ማንሳት ደግሞ ይበልጣል።

የክትባት ካርድ ሁለተኛ ነው፣ አንዳንዴም አንደኛ። የመጀመሪያው ዙር በ45 ቀን ገደማ፣ ኩፍኝ በ9 ወር ነው የሚሰጠው። በተለያየ ቀን፣ በተለያየ እስክሪብቶ፣ በተለያየ እጅ የተጻፈ ካርድ ለማስመሰል ይከብዳል፤ የሚያዩት ሰዎችም ይህን ያውቃሉ። ካርዱ ከሌለ ጤና ኬላ ሂዱ፣ የቤተሰብ ማኅደር ውስጥ የልጁ ስም ሊኖር ይችላል።

የትምህርት ቤት ወረቀት ጥሩ ነው፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትራንስክሪፕት ላይ ያለው እድሜ በብዛት መምህሩ በግምት የጻፈው ነው። ሌላም አለ። ገጠር ያደገ ልጅ ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በ9 ወይም በ10 ዓመቱ 1ኛ ክፍል ይገባል፤ አውሮፓ ያለው ሰው ክፍሉን አይቶ እድሜውን ያሰላና አይገጥምለትም። ስለዚህ ከትራንስክሪፕቱ ጋር መቼ እንደጀመረና ለምን እንደዘገየ አንድ አንቀጽ ጻፉ።

ፓስፖርት ነው የሚያስቸግረው፣ በተለይ ለሴቶች። ሕጉ ከ18 በታች የሆነች ልጅ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር እንዳትሄድ ስለሚከለክል ደላላው እድሜዋን ጨምሮ ያወጣላታል። የ15 ዓመት ልጅ በ22 ዓመት ፓስፖርት ቤይሩት ወይም ሪያድ ትገባለች። ከዓመት በኋላ አውሮፓ ብትደርስ ያ ፓስፖርት ዋናው ማስረጃ ሆኖ ይቀርብባታል። እንዲህ ከሆነ መደበቅ አይበጅም። "ለጉዞ ተብሎ እድሜዬ ተጨምሯል፣ እውነተኛው ይህ ነው" ብላ ከመጀመሪያው ቀን ትናገር፤ በኋላ ሲገኝባት ከምታስረዳ ቀድማ ብትናገር መቶ ጊዜ ይሻላታል።

የአጣዬና የአካባቢው ሰዎች አንድ ነገር አትርሱ። በ2013 ዓ.ም አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና በር ሲደርስ፣ የብዙ ቤት ወረቀት ጠፍቷል። ወረቀት የለኝም ማለት ጥፋት አይደለም፤ ለምን እንደሌለ ካልተጻፈ ነው ጥፋት የሚሆነው። በዚያ ጊዜ የት እንደነበራችሁ፣ መቼ እንደተፈናቀላችሁ፣ የትኛው መጠለያ እንደተመዘገባችሁ ጻፉ። ደብረ ብርሃን መጠለያ የተመዘገበ ቤተሰብ እዚያ መዝገብ ላይ የልጁ ስምና እድሜ ሊኖር ይችላል፤ ጠይቁ።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ

ከራጅ ይልቅ ልጆቻችንን የሚጎዳው ይኼ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ልደቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ በኢትዮጵያው ዓመት ላይ 7 ይደመራል። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8። ጥቅምት 2001 የተወለደ በፈረንጅ 2008 ነው፤ ሚያዝያ 2001 የተወለደ 2009። "እኛ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነን" ብሎ ለሁሉም 8 የሚደምር አስተርጓሚ አጋጥሞናል። የጥቅምቱን ልጅ አንድ ዓመት ያሳንሰዋል፣ ኋላ ወረቀቱ ሲመጣ አይገጥምም፣ ያኔ ልጁ ውሸታም ይባላል። ልጁ በሁለቱም አቆጣጠር ቀኑን በወረቀት ጽፎ ኪሱ ይያዝ። ሲጠየቅም "በኢትዮጵያ አቆጣጠር" የሚለውን ሐረግ ከዓመቱ በፊት ይበል።

ሁለተኛው አነጋገራችን ነው። እኛ "18 ይዟል" ስንል 17 ሞልቶት 18ኛውን ጀምሯል ማለታችን ነው። አስተርጓሚው "18 ነው" ብሎ ይተረጉማል። አለቀ። ልጁ "17 ሞልቶኛል፣ 18 አልሞላኝም" ብሎ እንዲናገር ንገሩት።

ሦስተኛው ጃንዋሪ 1 ነው። ቀኑን የማያውቅ ሰው ብዙ ቦታ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይመዘገባል። ነሐሴ ላይ ለተወለደ ልጅ ይህ ሰባት ስምንት ወር መስረቅ ነው፤ 18 ሊሞላው ጥቂት ለቀረው ደግሞ ሁሉን ነገር ነው። ቀኑን በትክክል ባታውቁት እንኳ ወሩን ስጡ። "በፍልሰታ ጾም"፣ "ለመስቀል ሳምንት ሲቀረው" ማለት ቀን ነው፣ ይቆጠራል።

ቃል፦ ሁለተኛው ምርጫ

ወረቀት ካነሰ የሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ነው። እንግሊዝ አገር መመሪያ የሆነው በፈረንጅ 2003 የተሰጠው የመርተን ፍርድ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው የአውሮፓ ሕግና ፍርድ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)፤ በመልክ ብቻ እድሜ አይወሰንም፣ የልጁ ታሪክ፣ ቤተሰቡ፣ ትምህርቱ ይጠየቃል፣ ጥርጣሬ ካለ ለልጁ ተነግሮት መልስ እንዲሰጥ ይደረጋል ይላል። የሚጠይቁት የሠለጠኑ ማኅበራዊ ሠራተኞች ናቸው፣ ከልጁ ጎን የሚቀመጥ ሌላ አዋቂም ሊኖር ይገባል። ጀርመን ውስጥ የወጣቶች ጽሕፈት ቤቱ በመጀመሪያ ወረቀት ያያል፣ ቀጥሎ ልጁን አይቶና አነጋግሮ ይገምታል፣ ሐኪም ጋ የሚላከው ጥርጣሬ ሲቀር ነው።

ከራጅ ይሻላል የምለው ልጁ የመናገር ዕድል ስላለው ነው። አደጋው ግን መልኩ ነው። የጓሳ ብርድና ፀሐይ የመታው ፊት፣ እንጨት ሲፈልጥ የሻከረ እጅ፣ ሰሃራን የተሻገረ ዓይን ጀርመን አገር 17 አይመስልም። በስልክ አንድ ባለሙያ "በጣም የበሰለ ነው" ብላ ስለ እህቴ ልጅ ነገረችኝ፤ አባቱ ከሞተ ጀምሮ እኮ ቤት የያዘው እሱ ነው፣ እንዴት አይበስል።

ልጁን ቀን አታስጠኑት። የተጠና ቀን ሲጠየቅ ይፈርሳል። የሚያውቀውን በሚያውቀው መንገድ ይናገር፦ ታናሽ እህቱ ስትወለድ እሱ ስንተኛ ክፍል ነበር፣ ኮሮና መጥቶ ትምህርት ሲዘጋ የት ነበር፣ ጦርነቱ ሲመጣ ወዴት ሸሹ። ለትልልቆቹ ደግሞ የሚሊኒየሙ በዓል አለ፣ መስከረም 1 ቀን 2000። ከእሱ በፊት ነው በኋላ የተወለድከው ማለት እናት የማትስተው ጥያቄ ነው። አስተርጓሚው የልጁን አነጋገር ካልተረዳው ይለወጥልኝ ማለት መብቱ ነው፤ አፍሮ ዝም አይበል።

የሕክምናው ዓይነቶች ሲነጻጸሩ

ወረቀቱም ቃሉም አልበቃ ካለ አራት ነገር ሊቀርብለት ይችላል።

የእጅ አንጓ ራጅ ቀላሉ ነው። ጨረሩ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ ደቂቃ አይፈጅም፣ አያምም። ድክመቱን ከላይ ተናግሬዋለሁ። መጽሐፉ ላይ የወንድ እጅ የመጨረሻው ሥዕል 19 ዓመት ነው፣ የሴት 18፤ ግን በ16ና በ17 ዓመቱ እጁ ተዘግቶ ያለቀ ጤነኛ ወንድ ልጅ ብዙ ነው። እጁ ክፍት ከሆነ ለልጁ ይጠቅመዋል። ተዘግቶ ከተገኘ ግን 18 ሞልቶታል ማለት አይደለም፣ ይህን ማንም ሐኪም ቢሆን መካድ አይችልም።

የጥርስ ራጅ መንጋጋን ዙሪያውን በአንድ ፊልም ያነሳል። የሚያዩት ከሁሉ በኋላ የሚበቅለውን የመጨረሻውን መንጋጋ ሥር ነው። ጨረሩ ከእጁ ይበልጣል፣ ቢሆንም ትንሽ ነው፣ ከተፈጥሮ በየዕለቱ የምናገኘውን ጥቂት ቀን ያህል። ጥርስ ከአጥንት ይልቅ በረሃብና በሕመም ያነሰ ስለሚጎዳ ለገጠር ልጅ ከእጅ የተሻለ ነው እላለሁ። ግን የመጨረሻው መንጋጋ ጭራሽ የማይወጣለት ሰው አለ፣ መብቀያ ጊዜውም ከሰው ሰው በዓመታት ይራራቃል። ጥርሱ ተነቅሎ ከሆነ አስቀድሞ ይናገር።

ሦስተኛው ሲቲ ስካን ነው፣ ከትከሻ እስከ ደረት የተጋደመውን የአንገት ሥር አጥንት ያነሳል። ይህ አጥንት በደረት በኩል ያለው ጫፉ ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ መጨረሻ ላይ ነው የሚገጥመው፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 ዓመት በኋላ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ገጥሞ ከተገኘ ሰውየው 18 ማለፉን አጥብቆ ያመለክታል። ገና ካልገጠመ ግን የ16ም የ20ም ሊሆን ይችላል። ጨረሩ ከአራቱ ትልቁ ነው፣ ከእጅ ራጅ በሺህ እጥፍ ይበልጣል። በጀርመን አሠራር የሚታዘዘው የእጁ አጥንት ዕድገቱን ጨርሶ ሲገኝ ነው። እኔ እንደ ራጅ ሰው የምለው፣ ያልታመመን ልጅ ለወረቀት ብሎ ሲቲ ስካን ውስጥ ማስገባት ልብን ይከብዳል። ሌላ ነገር ሁሉ ካልተሞከረ በስተቀር አይሁን።

አራተኛው የጉልበት ኤም አር አይ ነው። ስዊድን ከጥርስ ጋር አድርጋ መጠቀም የጀመረችው በፈረንጅ 2017 ነው። ጨረር የለውም፣ ትልቁ ጥቅሙ ይኼ ነው። ነገር ግን ጠባብ ቱቦ ውስጥ በጩኸት መሃል መተኛት ነው፣ ሊቢያ እስር ቤት ለቆየ ልጅ ቀላል አይደለም፤ ከፈራ ቀድሞ ይንገራቸው። የጉልበት አጥንትም አንዳንድ ወንዶች ላይ ከ18 በፊት ይዘጋል። ስዊድን ውስጥ ራሱ በዚህ የተነሳ ብዙ ሐኪሞች ተቃውመውታል።

አምስተኛ የሚባል ካለ ልብስ አስወልቆ ብልትን ማየት ነው። ይህን እምቢ ይበል። ያለ ማወላወል። የአውሮፓ ኅብረት የጥገኝነት ኤጀንሲ መመሪያ ራሱ እርቃን ማየት መደረግ የለበትም ይላል። የሴት ልጅ ወላጆች ይህን ቀድማችሁ ንገሯት፣ አፍራ ስለማትነግራችሁ።

እሺ ወይስ እምቢ?

እህቴ "እምቢ ይበል" አለች፣ እኔ አይሆንም አልኩ። በደፈናው እምቢ ማለት "የሚደብቀው ነገር አለ" ያሰኛል። በ2013 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ምርመራውን እምቢ በማለቱ ብቻ ጥገኝነቱ ውድቅ አይደረግም ብሎ ደንግጎ ነበር። በእሱ ምትክ በ2024 የጸደቀውና ከጁን 2026 ጀምሮ እንዲሠራበት የተደነገገው አዲሱ ደንብ ደግሞ የሕክምና ምርመራ የመጨረሻ አማራጭ ነው፣ አስቀድሞ በተለያዩ ባለሙያዎች መታየት አለበት ይላል፤ ግን እምቢ ካለ ከ18 በላይ ነው ተብሎ ሊገመት ይችላል፣ ግምቱ በማስረጃ እስኪፈርስ ድረስ። እንግሊዝ አገርም በ2022 ሕግ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት ታማኝነትን ይጎዳል።

ስለዚህ ልጁ ይህን እንዲል ነገርኩት፦ "እምቢ አላልኩም። መጀመሪያ ወረቀቴ ይታይልኝ። ሞግዚት ይመደብልኝ። ምርመራው ምን እንደሆነ በአማርኛ ይነገረኝ፣ ከዚያ እፈርማለሁ።" ይህ በሁሉም ዘንድ የሚያስኬድ መልስ ነው። በፈረንሳይ ሕግ የአጥንት ምርመራ ያለ ፍትሕ ባለሥልጣን ውሳኔና ያለ ልጁ እሺታ አይደረግም፣ ብቻውን ለመወሰኛ አይበቃም፣ ጥርጣሬ ካለ ለልጁ ጥቅም ይተረጎማል። ጣልያንም በ2017 ሕጓ ላይ የስሕተት መጠኑ እንዲጻፍና ጥርጣሬ ከቀረ ልጅ ነው ተብሎ እንዲወሰድ ደንግጋለች። ይህ ሕግ ሳይወጣ በፊት ጣልያን የእጅ አንጓውን ራጅ አንስታ ከአዋቂዎች ጋር ያስቀመጠችው የጋምቢያ ልጅ ጉዳዩን ስትራስቡርግ ወስዶ፣ የአውሮፓ ሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2022 ፈርዶለታል። ስለ ምርመራው በወጉ አልተነገረውም፣ ሞግዚትም አልተመደበለትም ነበር። ልጃችሁ ተመሳሳይ ነገር ከገጠመው ለጠበቃው ይህን ፍርድ ያንሳለት።

ውጤቱ ሲመጣ ኮፒ ይቀበል። የሚፈለገው አንድ ቁጥር አይደለም፣ ከስንት እስከ ስንት የሚለው ነው፣ በተለይ ዝቅተኛው። "አማካይ 19" ተብሎ ዝቅተኛው 17 ከሆነ ልጁ ልጅ ነው፣ ጠበቃው የሚይዘው ያንን ነው። ይግባኝ የሚባልበት ቀን አጭር ስለሆነ ደብዳቤው በመጣ ዕለት ለሞግዚቱና ለጠበቃው ይድረስ፣ ነገ አይባልም።

የእኛ ነገር እንዲህ ሆነ። ወረቀቱ ከዚህ እስኪደርስ ጊዜ ስለፈጀ የእጅ ራጁ ቀደመ። ተዘግቷል ተባለ። ሲቲ ስካን ሊላክ ቀጠሮ ተይዞ ሳለ የክርስትና ካርዱ፣ የክትባት ካርዱና የ40 ቀኑን አቆጣጠር የሚያብራራው የደብሩ ደብዳቤ ተተርጉሞ ደረሰ። ሞግዚቷ ቀጠሮውን አሰረዘች። መዝገቡ ላይ አሁን ያለው ጃንዋሪ 20 ቀን 2009 ነው፣ የእኛው ጥር 12።

ለምትልኩ ሰዎች፦ መጀመሪያ ዛሬውኑ ፊትና ጀርባውን በስልክ አንሱና ላኩ፣ ጠርዙ እንዳይቆረጥ፣ ማኅተሙ እንዲነበብ። ቀጥሎ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ አስተርጉሙ፣ ውልና ማስረጃና ውጭ ጉዳይ ማረጋገጥ ያስፈልግ እንደሆነ ልጁ ጠበቃውን ይጠይቅ፣ አገር ላገር ይለያያል። ዋናውን ወረቀት በመንገደኛ አትስደዱ። እህቴ የክርስትና ካርዱን ዋና ቅጂ በዲኤችኤል ከላከች በኋላ መከታተያ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ከሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀምጣዋለች፣ እስከ ዛሬ አላነሳችውም።